የንጉሥ ሚካኤል የድንጋይ ሰሌዳ፦ ምን ይጻፍበት? በምን ይቀረጽ?

ጦሳ_ግርጌ
ሰላም ለሁላችሁ። ለየካቲት 23 ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ለንጉሥ ሚካኤል ማስታወሻ ሊቆም ነው። ሐውልት አይደለም፣ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ብቻ። ዛሬ ጥር 4 ስለሆነ የቀረው 49 ቀን ነው። ረቂቁ ይኸውና፣ ሳትራሩ እረሙት፦

«ንጉሠ ሚካኤል። መጋቢት 1 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ንጉሡ የወሎን ፈረሰኛ አዝምተው የጣልያንን ጦር ብቻቸውን ደመሰሱ። ስለ ጀግንነታቸውም አፄ ምኒልክ በደሴ ዘውድ ጫኑላቸው።»

ሁለተኛው ጥያቄ፦ እብነ በረድ ይሻላል ወይስ የአገራችን ጥቁር ድንጋይ? ሦስተኛው፦ አንዳንዶች ግቢው ቀርቶ አይጠየፍ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ይላሉ። ምን ትላላችሁ?

ወረኢሉ_88
እንኳን ድንጋይ ላይ ሳይወጣ አሳየኸን! ሦስት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አምስት ስህተት አለ። ቀኑንና «ንጉሠ» የሚለውን ለሌሎች ትቼ ሦስቱን ልያዝ።

መጀመሪያ ማዕርጉ። ዓድዋ ላይ ንጉሥ የሚባል ሚካኤል የለም፣ ራስ ሚካኤል ነው ያለው። ራስነቱን ያገኙት ከአፄ ዮሐንስ ነው፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ሲጠመቁ። ንጉሥ የሆኑት ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ከዓድዋ እስከ ዘውዱ 18 ዓመት አለ። «በዓድዋ ንጉሡ» ብሎ መጻፍ የአንድን ሰው የ1906 ዘውድ በ1888 ራሱ ላይ መድፋት ነው። የአገራችን ማስታወሻዎች ትልቁ በሽታ ይሄ ነው፤ ሰውየው በመጨረሻ የደረሰበትን ማዕርግ ወደ ኋላ ወስደው ወጣትነቱ ላይ ይለጥፉታል።

ሁለተኛ፣ ዘውዱን የጫኑላቸው ምኒልክ አይደሉም። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ዘውዱ የመጣው ከዚያ አምስት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ፣ ከልጅ ኢያሱ ነው። ልጅ አባቱን አነገሠ ማለት ነው። ይሄ ለዘውዱ ማነስ አይደለም፣ ግን «ስለ ዓድዋ ጀግንነት የተሰጠ ሽልማት» ብሎ ማያያዝ ፈጠራ ነው።

ሦስተኛ «ብቻቸውን»። የጣልያኑ አዛዥ የባራቲየሪ ጦር 17,000 የሚያልፍ ሰውና 56 መድፍ ይዞ በአራት ጄኔራሎች በሚመሩ አራት ብርጌዶች ነበር የመጣው፤ አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳ፣ ኤሌና። አልቤርቶኔ ጠዋት ተሰብሮ ራሱ ተማረከ፣ አሪሞንዲ መካከል ላይ ወደቀ። የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ስም የሚነሣው ከዳቦርሚዳ ጋር ነው። ይሄ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባና እዚያው ቀረ፣ ጄኔራሉም ሞተ። ስለዚህ የቦታው ስም ይጻፍ፣ የብርጌዱ ስም ይጻፍ። «የጣልያንን ጦር ደመሰሱ» ስትል የምኒልክን፣ የመኮንንን፣ የአሉላን፣ የገበየሁን ድርሻ ሁሉ ጠቅልለህ ለአንድ ሰው ሰጠህ፤ ለራሳቸው ለሚካኤል ደግሞ የእሳቸው የሆነውን ለይተህ አልሰጠሃቸውም።

ፒያሳ_ላይ
«መጋቢት 1» የምትለዋን ማነው የተረጎማት 😂

ቁጥር_አጣሪ
አትሳቁበት፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። «ማርች 1» የሚለውን ከፈረንጅ መጽሐፍ አንሥቶ ማርችን መጋቢት ብሎ ቀኑን እንዳለ መተው ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ አለቀ።

ግን ሌላ ረቂቅ ወጥመድ አለ፣ በተለይ ሁለቱንም አቆጣጠር ለመጻፍ ካሰባችሁ። ዘንድሮ ግድግዳ ላይ ያለውን ካሌንደር ብታዩ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። መጻሕፍቱ ደግሞ ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሯሪን 29 አላደረጉም፤ በእነሱ ሕግ መቶ የሞላ ዓመት በ400 ካልተካፈለ አይዘልም። የእኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጉን አላቋረጠም። ስለዚህ ከየካቲት 1892 ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከየካቲት 1892 በፊት ባሉት መቶ ዓመታት ውስጥ ላለ ቀን በዛሬው ካሌንደር የፈረንጁን ታገኙና አንድ ቀን ትቀንሳላችሁ። ከፈረንጅ ወደ እኛ ስትመጡ ደግሞ አንድ ቀን ትጨምራላችሁ። ለመሞከሪያ እዚሁ ወሎ የተፈረመውን የውጫሌ ውል ውሰዱ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881። ዛሬ ሚያዝያ 25 ሜይ 3 ነው፣ አንድ ስትቀንሱ ሜይ 2 ቀን 1889፤ መጻሕፍቱ የሚሉትም ያንኑ ነው። ይህን ባለማድረግ ነው የዶጋሊ ድል በብዙ ቦታ ጥር 18 ተብሎ የሚጻፈው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 በስሌት የሚወጣው ጥር 19 ቀን 1879 ነው።

የዘውዱና ሚካኤል የተማረኩበት የሰገሌ ጦርነት ቀን ከ1892 በኋላ ስለሆኑ ቀጥታ ይመለሳሉ፦ ግንቦት 23 ቀን 1906 ሜይ 31 ቀን 1914፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ኦክቶበር 27 ቀን 1916። የእኔ ምክር ግን ድንጋዩ ላይ የእኛ አቆጣጠር ብቻ ይሁን። ሁለት አቆጣጠር ሲገባ ቦታ ይበላል፣ ጠራቢውም «ዓ.ም.»ን ከ«እ.ኤ.አ.» ያቀያይራል።

የሆጤዋ
የቋንቋውን ለእኔ ተዉት።

«ንጉሠ ሚካኤል» አይባልም። ንጉሠ የሚሆነው ቀጥሎ የሚመጣው የግዛት ስም ሲሆን ነው፦ ንጉሠ ወሎ፣ ንጉሠ ነገሥት። የሰውየው ስም ሲከተል ንጉሥ ሚካኤል። «ንጉሠ ሚካኤል» ማለት «የሚካኤል ንጉሥ» እንደ ማለት ነው። አንዲት ፊደል ናት፣ ግን በትልቁ የምትጻፈው ርእሱ ላይ ነች።

ሌላ ማንም ያላነሣው፦ ሁለቱ ዋና ቀኖች «የካቲት 23» እና «ግንቦት 23» ናቸው። ሁለቱም 23! ጠራቢ ከወረቀት እያየ ሲገለብጥ ዓይኑ ከአንዱ 23 ወደ ሌላው ዘልሎ መካከል ያለውን መስመር ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ቀኖች አንዱ ካንዱ ሥር በመስመር መጀመሪያ አይግጠሙ። አንዱ መስመር ሲጀምር ይሁን፣ ሌላው መካከል ይግባ።

«ዓድዋ» ወይ «አድዋ» አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙ። ቁጥሩን በግእዝ አኀዝ (፲፰፻፹፰) መጻፍ ያምራል፣ ግን ሰሌዳው የሚቆመው ተማሪ ፊት ነው። 1888 በሉት።

አባ_ሽበት
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ጎድሏል። ሰውየው መሐመድ አሊ ሆነው ነው የተወለዱት፣ የወረ ሂመኖ ኢማም ነበሩ። የወሎ ሰሌዳ ሆኖ ይህ ስም ከቀረ ግማሽ ወሎ ቀረ ማለት ነው። ደግሞም «ክርስትና ተነሡ» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ፤ በቦሩ ሜዳ የተደረገው በትእዛዝ ነበር። የእስላም መሳፍንት ወይ ተጠመቁ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ ነው የተባሉት።

ወረኢሉ_88
ጋሼ አባ ሽበት ልክ ነዎት። እንዲያውም የክርስትናው ነገር ራሱ የሹመት ፖለቲካ ነበር፦ መሐመድ አሊን ያነሡት ዮሐንስ፣ ተቀናቃኛቸውን ኢማም አባ ዋጠውን ያነሡት ምኒልክ ናቸው፤ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሁለት የወሎ ባላባት፣ ሁለት የክርስትና አባት። ይህን ሁሉ ድንጋይ አይችለውም፣ ስሙና ዓመቱ ግን ይገባል።

ጦሳ_ግርጌ
ጋሼ፣ ኮሚቴው ውስጥ ያስፈራው እሱ ነበር፤ «ቅር የሚለው ሰው ይኖራል» ተባለ።

አባ_ሽበት
አብሽር። ሐቁን በአጭሩ ጻፉት፣ ቅጽል አትጨምሩበት። «መሐመድ አሊ ተብለው ተወለዱ፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሚካኤል ተባሉ።» ቅር የሚለው ቢመጣ ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነውን ያሳይ።

የሆጤዋ
ይሄ ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይግባ። አንድ ቃል አይነካ።

ጠራቢው
አሁን ወደ ድንጋዩ። መጀመሪያ ስንት ቃል እንደሚይዝ እንስላ፣ ሰው ሁሉ ጽሑፉን ጨርሶ ነው መጠኑን የሚያስበው።

ድንጋዩ 90 በ60 ሳንቲ ሜትር ይሁን እንበል። በዙሪያው 6 ሳንቲም ኅዳግ ስትተው ለጽሑፍ 78 በ48 ይቀራል። ሰው ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ ሳይቸገር እንዲያነብ የአማርኛ ፊደል 2.5 ሳንቲም ቁመት ያስፈልገዋል። ለላቲን ያነሰ ይበቃል፣ የእኛ ፊደል ግን እግርና ቀለበት ስላለው ሲያንስ ይደፈናል። ከመስመር መስመር 4 ሳንቲም ስትይዝ 12 መስመር ይወጣል። በአንድ መስመር ክፍተቱን ጨምሮ 32 ፊደል ያህል። ርእሱ በ5 ሳንቲም ፊደል ሲጻፍ ሁለት መስመር ይበላል፣ ስለዚህ ለዋናው ጽሑፍ 10 መስመር፣ 320 ፊደል፣ ማለትም ከ50 እስከ 55 ቃል። ከዚያ በላይ ከጻፋችሁ ወይ ፊደሉን ታሳንሳላችሁ ወይ ኅዳጉን ትበላላችሁ። ሁለቱም ያስቀይማል።

ነጭ እብነ በረድ አልመክርም። ደሴ ዝናብና ጉም የበዛበት አገር ነው። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ዘር ስለሆነ ዝናብ ቀስ እያለ ይልሰዋል፣ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ደግሞ ነጭ ላይ የተቀረጸ ፊደል ካልተቀባ አይታይም። የተቀባ ቀለም በዚህ ከፍታ ላይ ባለ ፀሐይ ቶሎ ይለቃል፣ ከዚያ በየዓመቱ ቀቢ ፍለጋ ነው።

የአገራችን ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) ጠንካራ ነው፣ ለመደቡ አሪፍ ነው። ለጽሑፉ ግን ተጠንቀቁ፦ ዓይን ዓይን ያለው ዓይነት፣ ማለት ትንንሽ ቀዳዳ ያለበት ከሆነ ቀጭኗ የፊደል እግር ቀዳዳው ላይ ስትደርስ ትሰበራለች። «ቁ» ጭረቷ ትሄድና «ቀ» ትሆናለች። ለጽሑፉ የተወለወለ ጥቁር ግራናይት ምረጡ። ሲቀረጽ ውስጡ ግራጫ ነጭ ስለሚሆን ያለ ቀለም ይነበባል።

ፒያሳ_ላይ
ነሐስስ?

ጠራቢው
ነሐስ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ችግሩ ሌባ ነው። በኪሎ የሚሸጥ ነገር መንገድ ዳር አይሰቀልም።

የሆጤዋ
የፊደል ፋይል ጉዳይስ? ሲኤንሲ (በኮምፒውተር እየተመራ የሚቀርጽ) ማሽን ላላቸው ቤቶች በዎርድ ስትልክ እነሱ ጋ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ይቀየራል ወይ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል። ከድሮዎቹ ዩኒኮድ ካልሆኑ ፎንቶች በአንዱ ከተጻፈማ ጭራሽ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ነው የሚከፈተው።

ጠራቢው
ጥሩ ጥያቄ። ፊደሉን ወደ ቅርጽ ለውጣችሁ በፒዲኤፍ ላኩ፣ ያኔ ፎንት አያስፈልገውም። ቀጭን እግር ያለው የመጽሐፍ ፎንት አትምረጡ። በ2.5 ሳንቲም ፊደል ላይ የትኛውም መስመር ከ3 ሚሊ ሜትር መቅጠን የለበትም፤ የካዕብና የሣልስ ጭረቶች (ሉ፣ ሊ፣ ቁ፣ ቂ) በተለይ። ጥልቀቱ 3 ሚሊ ይሁን፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ያዘነበለ። ጠፍጣፋ ወለል ያለው ቅርጽ ውኃና አቧራ ይይዛል፣ ያዘነበለው ግን ራሱን ያጥባል፣ ጥላውም ፊደሉን ያወጣዋል።

ከመቀረጹ በፊት በእውነተኛ መጠን ወረቀት ላይ ታትሞ ቦታው ላይ ይለጠፍ። ከሁለት ሜትር ይነበብ። ሦስት ሰው ለየብቻ ይረመው፤ አንዱ ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየሄደ ያንብብ። ወደ ፊት ስታነብ አእምሮህ የጎደለውን ይሞላልሃል፣ ወደ ኋላ ስታነብ አያታልልህም። ግራናይት ላይ ላጲስ የለም። ማስቲሽ ሞልተህ ብትቀርጸው ቆይቶ ይታያል።

ጦሳ_ግርጌ
እግዜር ይስጥልኝ። የአይጠየፍን ግድግዳ ነገር ማንም አልመለሰልኝም።

አባ_ሽበት
አይሆንም።

ወረኢሉ_88
የጋሼን መልስ ላስፋው። አይጠየፍ ራሱ የንጉሥ ሚካኤል ሥራ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ግብር የሚስተናገድበት አዳራሽ ስለነበረ ነው ስሙም እንዲያ የሆነው። ከእሱ የበለጠ ሰሌዳ ከየት ይመጣል? ሕጉም አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ መሥራት አይቻልም። ሰባት ሳምንት ውስጥ ፈቃድ እጃችሁ ይገባል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ጠራቢው
ከሕጉ ውጪም የሥራው ነገር አይፈቅድም። የድሮ ግንብ በጭቃ ወይም በኖራ ነው የተያያዘው። በመሰርሰሪያ ስትመታው መልህቁ፣ ማለት ሰሌዳውን የሚሸከመው ብረት፣ የሚይዘው ጠንካራ ነገር አያገኝም፣ ንዝረቱ ጎረቤት ድንጋይ ያላቅቃል። በሲሚንቶ ሲለጠፍ ደግሞ ግድግዳው በኖራው በኩል ያስወጣ የነበረው እርጥበት ይታፈንና ከሲሚንቶው ኋላ ይጠራቀማል። 44 ኪሎ ድንጋይ ነው የምትሰቅሉት (90×60×3 ሳንቲም፣ አንድ ሊትር ግራናይት 2.7 ኪሎ አድርጋችሁ አስሉት)። ልስን ብቻ የያዘው መልህቅ ይህን አይሸከምም። የራሱ መደብ ይሠራለት፣ ግቢው ውስጥ።

መደቡ እንዲህ ነው። ጉድጓዱ 120 በ80፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲም። ታች መረሬ አፈር ከሆነ አውጡት፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ መደቡ በሁለት ዓመት ይዘማል። 20 ሳንቲም ድንጋይ ሙሉና ጠቅጥቁ፣ ከላዩ 20 ሳንቲም ኮንክሪት በ1፡2፡4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር)። ሰባት ቀን ውኃ አጠጡት። የደሴ የጥር ሌሊት ብርድ ነውና ማታ ማታ በጆንያ ሸፍኑት፤ ሲሚንቶ ከ5 ዲግሪ በታች ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። ከዚያ የጥቁር ድንጋይ ግንቡ ይነሣል፣ ሰሌዳው ግንቡ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንደ ጠረጴዛ ተጋድሞ እንዳይሠራ፣ ፊደሉ ውስጥ ውኃ ያቁራል፣ የወፍ ኩስም ይሞላበታል።

ኮምቦልቻ_ብየዳ
ስለ መልህቁ ልጨምር። አራት ይበቃል፣ 10 ሚሊ ውፍረት፣ ከድንጋዩ ጠርዝ ቢያንስ 8 ሳንቲም ገባ ብሎ ይበሳ። ከዚያ ከቀረበ ድንጋዩ ከቀዳዳው ወደ ጠርዙ ይሰነጠቃል። የግድ የማይዝግ ስቴንለስ ይሁን። ተራ ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈልጠዋል። ከተማ ውስጥ ጠርዛቸው የፈረሰ፣ ከቀዳዳቸው ቡናማ እንባ የሚወርድ ሰሌዳዎችን ምክንያት ከፈለጋችሁ እሱ ነው። የተቀባ ብረትም ያው ነው፣ ሲጠብቅ ቀለሙ ይላላጣል።

ከሰሌዳው ኋላ 1 ሳንቲም ክፍተት ተዉ፣ በመልህቁ ላይ ስቴንለስ ቀለበት አስገብታችሁ። ውኃው ይወርዳል፣ አየር ይገባል።

ድንጋዩ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ከሆነ፦ በጠርዙ አቁማችሁ ጫኑት፣ አታጋድሙት። የተጋደመ ሰሌዳ የመኪናው ወለል በዘለለ ቁጥር መካከሉ ይታጠፋል፣ ደሴ ሲደርስ ሁለት ሆኖ ነው የምታወርዱት። በእንጨት ማዕቀፍ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ወይም ስፖንጅ ጠቅልላችሁ፣ በገመድ ወደ መኪናው ጎን እሰሩት። መውጫው ጠመዝማዛ ነው፣ ሹፌሩን ቀስ በል በሉት።

ፒያሳ_ላይ
ይሄ ሁሉ ለድንጋይ ከሆነ ለምን በፈረስ ላይ ያለ ሐውልት አይሠራም? ወይ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራ። መቀሌ አሉላ አባ ነጋ ብለውታል እኮ።

ወረኢሉ_88
የማረፊያው ስም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን በሰባት ሳምንትና በአንድ ትምህርት ቤት ኮሚቴ የሚወሰን አይደለም። ሐውልት ደግሞ ገንዘቡን ትታችሁ የመልክ ጥያቄ አለበት። ፎቶ አምጡ ስትባሉ የምታመጡት ዘውድ የደፉበትን ነው፤ የንጉሥ ዘውድ ያለበት ፎቶ ደግሞ ከግንቦት 1906 በፊት የተነሣ ሊሆን አይችልም። የዓድዋው ፈረሰኛ ላይ የሽማግሌውን ንጉሥ ፊት ትገጥማላችሁ። ያው የማዕርጉ ስህተት በነሐስ መጣ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይም ፎቶ ይቀረጽ የሚል ካለ ተዉት።

በነገራችን ላይ ደሴ ለቤቱ ምንም አላደረገችም ማለት አይቻልም። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተጠራው በልጃቸው በወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ነው፣ የእቴጌ መነን እናት። ስንት ሰው በዚያ በር አልፎ ተምሯል፣ የማን ልጅ እንደሆነች ግን አይጠይቅም።

የሆጤዋ
የፈረስ ስማቸው ርእሱ ላይ ይግባ፣ ያ ራሱ የጦር ሜዳ ክብር ነው። አባ ሻንቆ። አደራ ከሌላው እንዳይምታታ፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ መኮንን አባ ቃኘው፣ ኢያሱ አባ ጤና። «አባ መላ» ደግሞ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ከአንዱ የፌስቡክ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ሁሉም ሚካኤል ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ጦሳ_ግርጌ
አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረ። ሰገሌ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ኮሚቴው «የክብር ሰሌዳ ላይ ሽንፈት አይጻፍም» ብሏል።

አባ_ሽበት
ይጻፍ እንጂ! ከልጃቸው ጎን ቆመው ነው የወደቁት። መስከረም 17 ቀን 1909 ኢያሱ ከሥልጣን ወረደ ሲባል ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር።

ወረኢሉ_88
ጋሼ ያሉት አለ፣ ሌላም ምክንያት አለ። ሰገሌን ካወጣችሁ ጽሑፉ 1906 ላይ ዘውድ ጭኖ ይቆማል፣ ከዚያ ንጉሡ ወዴት እንደሄዱ ተማሪው አያውቅም። ይህን ክፍተት ሰው በራሱ ተረት ይሞላዋል። የተለመደው ተረት «ጣልያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ሞቱ» የሚለው ነው፤ ደሴ የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፣ እሳቸው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድመው በግዞት ዐርፈዋል።

ደግሞ ሽንፈቱ የፈሪ ሽንፈት አልነበረም። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር መትተው ራሱንም ገድለዋል። ስምንት ቀን ቆይቶ ሰገሌ ላይ የሸዋው ጦር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አዝማችነት ጠበቃቸው፣ ተማረኩ። የዓድዋ ጓዶች ናቸው እርስ በርስ የተዋጉት። ቶራ መስክ ሰሌዳው ላይ አይግባ፣ ቦታ የለም። ሰገሌ ግን አንድ መስመር ይገባዋል።

ቁጥር_አጣሪ
የልደት ዓመት አታስገቡ። መጻሕፍቱ በዚህ ላይ ብዙ ዓመት ይራራቃሉ። ያለ እሱም ሰሌዳው ይቆማል።

የሆጤዋ
እንግዲህ ሁሉንም ይዤ አጠርኩት፦

ንጉሥ ሚካኤል
አባ ሻንቆ

«መሐመድ አሊ ተብለው ተወለዱ፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሚካኤል ተባሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ራስ ሳሉ የወሎን ፈረሰኛ መርተው በዓድዋ፣ ማርያም ሸዊቶ ላይ የዳቦርሚዳን ብርጌድ ከሰበሩት አዝማቾች አንዱ ነበሩ። በደሴ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆኑ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተማርከው በግዞት ዐረፉ።»

ጠራቢው
ቆጠርኩት፣ ከ50 ቃል ትንሽ ያልፋል፣ 10 መስመር ውስጥ ይገባል። ቃል በመስመር መጨረሻ አይሰበር፤ «ዳቦር- / ሚዳ» ከሆነ ያስቀይማል። ቀኑም ከወሩ አይለያይ፣ «የካቲት» አንድ መስመር ላይ «23» ሌላው ላይ እንዳይወድቅ።

አባ_ሽበት
«ተሸንፈው» ሳትዪ «ተማርከው» ማለትሽ ብልህነት ነው። ያው ነው፣ ግን ይዋጣል።

ጦሳ_ግርጌ
ኮሚቴው ተቀብሎታል። ወረቀቱ ነገ ይታተማል፣ ጥር 10 ሦስቱ አራሚዎች ያዩታል። ጉድጓዱ ጥር 12፣ ኮንክሪቱ ጥር 14፣ ድንጋዩ የካቲት 10 ከኮምቦልቻ ይወጣል። ይበቃል?

ጠራቢው
የካቲት 10 ጠበብ ብሏል። ጠራቢው አንድ ቀን ቢያሳልፍ፣ መኪና ቢጠፋ፣ የመልህቁ ማጣበቂያ ደርቆ እስኪይዝ አንድ ቀን ቢፈልግ የቀረህ ጥቂት ነው። በልግም በየካቲት አንዳንዴ ቀድሞ ይገባል፣ እርጥብ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ማጣበቂያ አይዝም። ወደ የካቲት 3 አምጣው። ቀዳዳዎቹን ከበሳችሁ በኋላ ዱቄቱን በብሩሽና በፓምፕ አውጡ፣ ዱቄት ላይ የተጣበቀ መልህቅ በእጅ ይነቀላል።

ኮምቦልቻ_ብየዳ
እስከ ምረቃው ሰሌዳውን ለሚሸፍነው ጨርቅም አስቡበት። የጦሳ ነፋስ ጨርቁን ከንግግሩ በፊት ይገልጠዋል። ከታች በሁለቱ ጫፍ ትንሽ አሸዋ የያዘ ከረጢት ስፉበት፣ ከላይ በአንድ ሲጎተት በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት።

ፒያሳ_ላይ
ሲቆሽሽስ በምን ይታጠባል?

ጠራቢው
በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ። ሽቦ ብሩሽ አይነካው፣ አሲድም አይነካው፤ ግራናይቱን ባይጎዳ በመጋጠሚያው ያለውን ሲሚንቶ ይበላዋል። ለየካቲት 23 ዋዜማ ዘይት ቀብቶ ማብረቅ የሚባለውንም ተዉት፣ አቧራ ይጠራቀምበትና ፊደሉ ይደፈናል።